የሳሳ አየር፣ የጋለ ካርድ

ቦታው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ከአንዱ ብሎክ ግራውንድ ላይ ያለች የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ። ጠጋኙ በዕድሜ ጠና ያለ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ነው። ተማሪዋ አርክቴክቸር ታጠናለች፤ ቀን በላፕቶፗ ሬንደር ትሠራለች፣ ማታ ጌም ትጫወታለች።

ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ ላፕቶፔን ይዤ መጣሁ፤ ተበላሽቶ ግን አይደለም።

ጠጋኙ፦ ሳይበላሽ መምጣቱ ጥሩ ነው። ምን ሆኖ ነው ታዲያ?

ተማሪዋ፦ ኦቨርክሎክ አድርጌዋለሁ። አፍተርበርነር በሚባል ፕሮግራም የግራፊክስ ካርዱን ኮር ክሎክ 150 ሜጋኸርዝ፣ ሜሞሪውን ደግሞ 500 ጨመርኩለት። መጀመሪያ ጌሙ በጣም ተሻሻለ። ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን ፍሬሙ ከድሮውም በታች ይወርዳል፣ ፋኑ ይጮኻል፣ አንዳንዴም ስክሪኑ ለአፍታ ጠቁሮ ይመለሳል። ጓደኞቼ ደግሞ የአዲስ አበባ አየር ቀዝቃዛ ነው፣ እዚህ ያልጨመርሽ የት ልትጨምሪ ነው ይሉኛል።

ጠጋኙ፦ ቅዝቃዜው ላይ ልክ ናቸው። ያላዩት ሌላ ነገር አለ፤ እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ካርዱ ምንድን ነው?

ተማሪዋ፦ አርቲኤክስ 3050። ከዱባይ የመጣ ዩዝድ ነው፣ መገናኛ ነው የገዛሁት።

ጠጋኙ፦ ስንት ዋት ነው?

ተማሪዋ፦ ዋቱን ማንም አልነገረኝም። ሻጩ 3050 ነው፣ አራት ጊጋ ነው፣ በቃ።

ጠጋኙ፦ ነገሩ የሚጀምረው እዚያ ጋ ነው። የላፕቶፕ 3050 እንደተገጠመለት ላፕቶፕ ከ35 ዋት እስከ 80 ዋት ይለያያል። ስሙ ያው ነው፣ ቺፑም ያው ነው፤ የሚፈቀድለት ኃይል ግን ከእጥፍ በላይ ይራራቃል። 3060ም ቢሆን ከ60 እስከ 115 ዋት ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. ካርዱን የሚሠራው ኤንቪዲያ የላፕቶፕ አምራቾች ይህን ቁጥር በግልጽ እንዲጽፉ ጠይቆ ነበር፤ ዕቃው ሁለተኛና ሦስተኛ እጅ ሆኖ እኛ ጋ ሲደርስ ግን ቁጥሩ አብሮ አይመጣም። ላፕቶፕ ሻጭ ሁሉ ከራሙ ቀጥሎ ዋቱን መናገር አለበት ብዬ አምናለሁ። ገዢ ያላወቀውን አይጠይቅም። የኤንቪዲያን ኮንትሮል ፓነል ክፈቺና ሲስተም ኢንፎርሜሽን የሚለውን ተጫኚ። የግራፊክስ ከፍተኛ ኃይል የሚል መስመር አለ።

ተማሪዋ፦ 60 ዋት ይላል።

ጠጋኙ፦ ጥሩ፣ መካከለኛ ነው። አሁን አንድ ሒሳብ ልንገርሽ። ቺፕ ሲሠራ የሚበላው ኃይል ከክሎኩ ጋር በቀጥታ ያድጋል፤ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬ ነው የሚያድገው። ክሎኩን ብቻ በ10 በመቶ ብትጨምሪ ኃይሉም በ10 በመቶ ይጨምራል። ችግሩ ከፍ ያለ ክሎክ ከፍ ያለ ቮልቴጅ መጠየቁ ነው። ቮልቴጁም በ10 በመቶ ከጨመረ፣ 1.1 በ1.21 ሲባዛ 1.33 ይመጣል። ለ10 በመቶ ፍጥነት 33 በመቶ ተጨማሪ ሙቀት ከፈልሽ ማለት ነው። 60 የነበረው 80 ዋት ይሆናል።

ተማሪዋ፦ ግን ካርዱ 60 ላይ ተቆልፏል። እንዴት 80 ሊደርስ ይችላል?

ጠጋኙ፦ አይደርስም። ዴስክቶፕ ላይ ቢሆን አፍተርበርነር ውስጥ ፓወር ሊሚት የሚለውን ወደ ላይ ትገፊው ነበር፤ ያንቺ ላይ ደብዝዞ ቆሟል፣ አይነካም። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኤንቪዲያ ካርዶች ጂፒዩ ቡስት በሚባል አሠራር ክሎካቸውን ራሳቸው ነው የሚወስኑት። ካርዱ ዋቱን፣ ሙቀቱንና ቮልቴጁን ያለማቋረጥ ይለካል፤ ከሦስቱ አንዱ ጣሪያ ሲነካ ክሎኩን ዝቅ ያደርጋል። አንቺ የጨመርሽው ለካርዱ ጥያቄ ነው፤ ፈቃጁ እሱ ራሱ ነው።

ተማሪዋ፦ እንግዲያው 150 መጨመሬ ከንቱ ነበር? መጀመሪያ ላይ ፍሬሙ ሲጨምር እኮ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ከ55 ወደ 60 ወጥቷል።

ጠጋኙ፦ ያየሽው እውነት ነው። የመጣበት መንገድ ግን ካሰብሽው ሌላ ነው። ካርዱ ውስጥ ለእያንዳንዱ ቮልቴጅ የተመደበ ክሎክ አለ። በግራፍ ስታይው ወደ ላይ የሚወጣ መስመር ነው፤ ከርቭ ይሉታል። 150 ስትጨምሪ መስመሩን በሞላ አነሳሽው። በ850 ሚሊቮልት 1,650 ሜጋኸርዝ ይሮጥ የነበረ ካርድ ከሆነ፣ አሁን በዚያው 850 ሚሊቮልት 1,800 ይሮጣል። ዋቱ ስለተቆለፈ አንድም ተጨማሪ ኃይል አላገኘም። በዚያው ኃይል የበለጠ ሥራ ሠራ እንጂ። ለአንድ ሥራ የሚሰጠውን ቮልቴጅ ሳታውቂው ቀንሰሽበታል።

ተማሪዋ፦ ኦቨርክሎክና አንደርቮልት አንድ ነገር ናቸው እያሉኝ ነው?

ጠጋኙ፦ ዋቱ በተቆለፈ ላፕቶፕ ላይ የአንድ መስመር ሁለት አነባበብ ናቸው። የሚለያዩት መስመሩን የት ላይ እንደምታቆሚው ነው። አንቺ አላቆምሽውም። ጌሙ ቀለል ያለ ቦታ ላይ ሲደርስ፣ ሜኑ ላይ ወይም ባዶ ሜዳ ላይ በይው፣ ካርዱ ዋት ስለሚተርፈው ወደ ከርቩ ጫፍ ይወጣል። እዚያ ቀድሞ 1,950 የነበረው አሁን 2,100 ሆኗል። ቺፑ በዚያ ፍጥነት ስሌቱን በሰዓቱ መጨረስ ሲያቅተው ይሳሳታል ወይም ይደርቃል። ዊንዶውስ ደግሞ ካርዱ ለ2 ሰከንድ መልስ ካልሰጠው ድራይቨሩን ዘግቶ እንደገና ያስነሳዋል። ስክሪኑ ጠቁሮ የሚመለሰው ለዚህ ነው።

ተማሪዋ፦ ከባድ ቦታ ላይ የሚወድቅ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ብዙ ጊዜ የሚጠቁረው ሜኑ ልከፍት ስል ነው።

ጠጋኙ፦ አዎ፣ ፈተናው ከባዱ ብቻ አይደለም። አንዳንድ ልጆች ፈርማርክ የሚባለውን የካርድ መፈተኛ ለአሥር ደቂቃ ከፍተው አለፈ ብለው ይረካሉ። ፈርማርክ ካርዱን በዋት ጣሪያ ስለሚይዘው ወደ ከርቩ ጫፍ አያስወጣውም፤ ስለ ሙቀት ይነግርሻል እንጂ ስለ ጫፉ አይነግርሽም።

ተማሪዋ፦ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚወርደውስ?

ጠጋኙ፦ እሱ ሙቀት ነው። ቺፕ ሲግል ለዚያው ሥራ ተጨማሪ ኃይል ያፈሳል፤ ምንም ሳይሠራም የሚሾልክ ኤሌክትሪክ አለ፣ ሙቀት ሲጨምር መሹለኩም ይጨምራል። ዋቱ 60 ላይ ስለተቆለፈ የሾለከው ከሥራው ላይ ይቀነሳል። ቺፑ ሲግል ጂፒዩ ቡስትም በየደረጃው በ15 በ15 ሜጋኸርዝ ወደ ታች ይወርዳል፤ ወደ 87 ዲግሪ ሲጠጋ ደግሞ በብዙ ላፕቶፖች ላይ ፍጥነቱ በአንዴ ይቆረጣል። ጓደኞችሽ ስለ አየሩ ያሉሽ እዚህ ጋ ነው የሚመጣው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ስንት ሜትር ናት?

ተማሪዋ፦ 2,300 እና ከዚያ በላይ።

ጠጋኙ፦ 2,355 ገደማ ይባላል፤ እኛ ያለንበት የካ አባዶ ከዚያ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሙቀቱ እኩል ሲሆን አየሩም በዚያው ልክ የሳሳ ነው፤ ሩብ ያህሉ የለም። ፋንሽ በደቂቃ የሚገፋው አየር በይዘት እዚህም ጅቡቲም እኩል ነው፤ የሚዞረው በዚያው ፍጥነት ነውና። ክብደቱ ግን እዚህ በሩብ ያንሳል። ሙቀቱን ከማቀዝቀዣው ክንፎች ላይ ተሸክሞ የሚወጣው ደግሞ ክብደቱ ነው።

ተማሪዋ፦ ግን ክፍሌ ማታ 18 ዲግሪ ነው፣ ጅቡቲ ያለ ሰው 35 ዲግሪ ውስጥ ነው የሚጫወተው። ቅዝቃዜው ያን አያካክስም?

ጠጋኙ፦ በወረቀት እንሥራው። ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ ላፕቶፕ በ25 ዲግሪ ክፍል ውስጥ ቺፑ 75 ዲግሪ ደረሰ እንበል። ከክፍሉ በላይ የወጣው 50 ዲግሪ ነው። ያንኑ ላፕቶፕ እዚህ ስናመጣው ይህ 50 ወደ 60 ይጠጋል፤ እንደ ክንፎቹና እንደ ፋኑ ትንሽ ከፍና ዝቅ ሊል ይችላል። ክፍልሽ 20 ዲግሪ ከሆነ ቺፑ 80 ነው። ጅቡቲ ያለው በ35 ዲግሪ ክፍል 85 ይሆናል። በክፍሎቻችሁ መካከል የ15 ዲግሪ ልዩነት ነበር፤ ቺፑ ጋ ሲደርስ 5 ብቻ ቀረ። አሥሩን ከፍታው በላው። ከእሱ ትሻያለሽ፤ የአየሩን ቅዝቃዜ አይቶ ሰው የሚጠብቀውን ያህል ግን አይደለም። ቀን ፀሐይ በመስኮት ገብታ ክፍሉን 26 ስታደርሰው ደግሞ 86 ነሽ፤ ጅቡቲን አለፍሽው።

ተማሪዋ፦ ይህን የሚያውቅ ሰው አለ? ዩቲዩብ ላይ አንድም ሰው ስለ ከፍታ ሲናገር አልሰማሁም።

ጠጋኙ፦ ቪዲዮውን የሚሠሩት አብዛኞቹ ዝቅ ባለ አገር ነው ያሉት፤ የእነሱ ዲግሪ የእነሱ ነው። የዳታ ማዕከል ሰዎች ግን ጠንቅቀው ያውቁታል። አሽሬይ የሚባለው የአሜሪካ የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር፣ ከ900 ሜትር ገደማ በላይ ለየ300 ሜትሩ ለሰርቨር የሚፈቀደው ከፍተኛ የክፍል ሙቀት በ1 ዲግሪ እንዲቀነስ ይመክራል። ለአዲስ አበባ ሲሰላ ወደ 5 ዲግሪ ይመጣል። ብዙ የላፕቶፕ መመሪያዎችም የሥራ ከፍታ ብለው 3,048 ሜትር ይጽፋሉ፣ 10,000 ጫማ ማለት ነው። እንጦጦ ላይ የከዋክብት መመልከቻው ያለበት ቦታ 3,200 ሜትር ገደማ ነው። ላፕቶፕሽን ይዘሽ እዚያ ብትወጪ ከብዙ አምራቾች ወሰን ውጪ ነው የምትጫወቺው።

ተማሪዋ፦ አንድ ነገር ልጠይቅ። ሂት ፓይፑ ውስጥ ውሃ አለ ይባላል። እዚህ ደግሞ ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ እማዬ ባቄላ ስትቀቅል ሁሌ የምታማርረው ለዚህ እንደሆነ ትምህርት ቤት ተምረናል። ከፍታው ሂት ፓይፑንም ይነካዋል?

ጠጋኙ፦ ደግ ጠየቅሽ። ድስቱ ክፍት ስለሆነ ውሃው የውጪውን ግፊት ነው የሚያየው፤ እዚህ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ባቄላውም ስለዚህ ይዘገያል። ሂት ፓይፕ ግን አየሩ ወጥቶለት የታሸገ የመዳብ ቱቦ ነው። ውስጡ ያለችው ጥቂት ውሃ በራሷ ግፊት ነው የምትኖረው፤ ቺፑ ጋ ትተናለች፣ ክንፎቹ ጋ ቀዝቅዛ ውሃ ሆና ትመለሳለች። እንጦጦም ወጣ ዳሎልም ወረደ አይለውጣትም። የሚደክመው የመጨረሻው እርምጃ ነው፣ ከክንፉ ወደ አየሩ ያለው። እንዲያውም ልክፈተውና እንይ።

(ሽፋኑን ፈትቶ ያነሳል።)

ተማሪዋ፦ ውይ!

ጠጋኙ፦ ይኸውልሽ። ፋኑ ሥር፣ ክንፎቹ መግቢያ ላይ አቧራው ተጠቅጥቋል። አካባቢያችን ግንባታ የማይጠፋበት ነው፤ በጋ ላይ መስኮት ተከፍቶ ከዋለ ጠረጴዛው እንኳ ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ። አየሩ መሳሳቱ ሳያንስሽ ጭራሽ መንገዱም ተዘግቶበታል። በብሎወር ከመንፋቴ በፊት ፋኑን በጣቴ እይዘዋለሁ፤ ባዶውን በኃይል ሲሽከረከር ተሸካሚው ይጎዳል። ቺፑ ላይ የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ፔስትም ደርቋል፣ ተመልከቺ፣ ይፈረፈራል። ካርዱና ፕሮሰሰሩ ደግሞ አንድ ሂት ፓይፕ ይጋራሉ፤ ይህን ልብ በይ።

ተማሪዋ፦ መጋራታቸው ምን ያመጣል?

ጠጋኙ፦ ፕሮሰሰሩ የሚያመነጨው ሙቀት ካርዱ ላይ ይመጣል። ጌም ስትጫወቺ ፕሮሰሰሩ ያለ ፍላጎትሽ ቱርቦ ውስጥ ገብቶ ብዙ ዋት ይበላል፤ ለጌሙ የሚጨምረው ግን ጥቂት ነው። ድሮ ቢሆን የፕሮሰሰሩንም ቮልቴጅ እንቀንስ ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ፕለንደርቮልት የሚባል የደኅንነት ቀዳዳ በኢንቴል ፕሮሰሰሮች ላይ ከተገለጠ በኋላ ግን ብዙ አምራቾች በባዮስ ቆለፉት። የቀረን ቀላሉ ነው፦ የዊንዶውስ ፓወር ፕላን ውስጥ ከፍተኛውን የፕሮሰሰር መጠን ከ100 ወደ 99 በመቶ ማውረድ። ቱርቦው ይጠፋል፣ ከካርዱ ጎረቤት የሚመጣው ሙቀትም ይቀንሳል። ካርዱ የሚደክምባቸው ጌሞች ላይ ፍሬሙ ይሻሻላል። ፕሮሰሰር የሚፈልግ ጌም ከሆነ ደግሞ ትመልሽዋለሽ።

ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ የሚሉት ሁሉ ገብቶኛል። ግን ከልቤ የምጠይቀው አለ። ዕቃው የራሴ ነው። በገንዘቤ ገዝቼ፣ ቺፑ የሚችለውን እንዳያደርግ ዋቱን የሚቆልፍብኝ ማን ነው?

ጠጋኙ፦ ይህ ጥያቄ ያንቺ ብቻ አይደለም። በየካቲት 2015 እ.ኤ.አ. አካባቢ ኤንቪዲያ አዲስ ድራይቨር አውጥቶ በጂቲኤክስ 900 ተከታታይ የላፕቶፕ ካርዶች ላይ ኦቨርክሎክን ጨርሶ ዘጋው። ላፕቶፖቹ ለዚያ አልተሠሩም፣ ሙቀቱ ዕቃውን ይጎዳል አለ። ገዢዎች በጣም ተቆጡ፤ ሲገዙ የነበረ ነገር ነው በድራይቨር የተወሰደባቸው። ኩባንያው በሚቀጥለው ወር ድራይቨር መልሶ ፈቀደ። እኔ ከገዢዎቹ ጋር ነኝ። የሰው ዕቃ በማሻሻያ ስም ከተሸጠበት በታች ሊደረግ አይገባም።

ተማሪዋ፦ እንግዲያው ከእኔ ጋር ይስማማሉ።

ጠጋኙ፦ መብቱ ላይ እስማማለሁ። ግን ኩባንያውም ስለ ሙቀት ያለው ባዶ ቃል አልነበረም፤ ራሱ ተጎድቶ የተማረው ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. ኤንቪዲያ በተወሰኑ የላፕቶፕ ግራፊክስ ቺፖቹ ላይ ከመጠን ያለፈ ብልሽት መታየቱን አምኖ ለጥገናና ለምትክ ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር መደበ። ቺፑን ከማሸጊያው ጋር የሚያያይዘው ቁሳቁስ ደካማ ነበር፤ ሲግልና ሲቀዘቅዝ፣ ሲግልና ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። ነገሩ አሜሪካ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2010 እ.ኤ.አ. በስምምነት ነው ያለቀው። የዛሬ ቺፖች ከዚያ ይሻላሉ። ብረት ሲሞቅ መስፋቱ፣ ሲቀዘቅዝ መኮማተሩ ግን አልተለወጠም። ካርዱ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው፤ እንደ ዴስክቶፕ ነቅለሽ ሌላ አትሰኪም። ካርዱ ሞተ ማለት ቦርዱ ሞተ ማለት ነው።

ተማሪዋ፦ ቦርድ መቀየርማ ሌላ ላፕቶፕ መግዛት ነው።

ጠጋኙ፦ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ደግሞ ይብሳል። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 አልፏል። አውሮፓ ያለ ልጅ ካርዱን ለ5 ፍሬም ብሎ ሲያቃጥል ዋስትና አለው፣ ካልሆነም ከደመወዙ ይተካዋል። እኔ ጋ የሚመጣ ተማሪ ግን አባቱ ዕቁብ ጥሎ የገዛለትን ነው ይዞ የሚመጣው። እምቢ ብዬ አልመልሰውም። ዕቃው አምስት ዓመት እንዲያገለግለው አድርጌ ፍጥነቱን ላወጣለት ግን እፈልጋለሁ። ሁለቱም አብረው ይሆናሉ።

ተማሪዋ፦ እንዴት?

ጠጋኙ፦ ከርቩን ከታች በመያዝ። አፍተርበርነር ውስጥ ኮንትሮልና ኤፍ ስትጫኚ መስመሩ ይወጣል። 850 ሚሊቮልት ላይ ያለችውን ነጥብ ይዘን ትንሽ ከፍ እናደርጋታለን፤ ከእሷ በስተቀኝ ያለውን በሙሉ በእሷ ቁመት ጠፍጣፋ እናደርገዋለን። ካርዱ ከ850 ሚሊቮልት በላይ እንዲጠይቅ ምክንያት አይኖረውም። በአንድ ቮልትና በ850 ሚሊቮልት መካከል ያለውን አስቢው፤ 0.85 በራሱ ሲባዛ 0.72 ነው። በእኩል ክሎክ 28 በመቶ ያህል ሙቀት ቀረ ማለት ነው። ከፍታው የወሰደብንን ከዚህ እናስመልሳለን።

ተማሪዋ፦ ጫፉ ላይ ያለው 2,100 ግን ይቀርብኛል።

ጠጋኙ፦ ከባድ ቦታ ላይ መቼም ደርሰሽበት አታውቂም፣ 60 ዋት አያደርስሽም። የደረስሽው ሜኑ ላይ ነው። ሜኑ በ300 ፍሬም ቢሮጥ ምን ያደርግልሻል? ስክሪንሽ በሰከንድ ስንት ጊዜ ነው የሚያድሰው?

ተማሪዋ፦ 144።

ጠጋኙ፦ እንግዲያው ፍሬሙንም ገደብ አድርጊበት። ከባድ ጌም ላይ 60 ላይ፣ ቀላሉ ላይ 120 ላይ። ካርዱ የማታዪውን ሥዕል እየሣለ አይሙቅ። 60 ላይ የረጋ ፍሬም፣ 75 እና 45 መካከል ከሚዋልለው በዓይንሽ ይበልጣል።

ተማሪዋ፦ ኦንላይን ስጫወት የሚቆራረጠውስ? እሱም በዚህ ይስተካከላል?

ጠጋኙ፦ እሱ አይነካውም። የብዙዎቹ ጌሞች ሰርቨር ያለው አውሮፓ ወይም መካከለኛው ምሥራቅ ነው፤ መልእክቱ ደርሶ የሚመለስበትን ጊዜ ካርድ አያሳጥረውም። ፒንጉን ለብቻ፣ ፍሬሙን ለብቻ እዪ።

ተማሪዋ፦ ሜሞሪውስ? 500 ጨምሬበታለሁ።

ጠጋኙ፦ እሱን ከሁሉ በላይ እፈራዋለሁ። ኮሩ ሲያቅተው ይደርቃል፣ ታውቂዋለሽ። ሜሞሪ ግን ጫፉ ላይ ሲደርስ ዝም ብሎ ሊሳሳት ይችላል፦ አንድ ፒክስል ቀለሙን ይስታል፣ አንድ ጥላ ቦታውን ይለቃል። ጌም ላይ ብልጭ ብሎ ያልፋል፣ ማንም አይጎዳም። አንቺ ግን በዚሁ ካርድ ሬንደር ታደርጊያለሽ። በምን ነው የምትሠሪው?

ተማሪዋ፦ በሉሚዮን። የሴሚስተር ፕሮጀክት ማቅረቢያ ሳምንት ሌሊቱን ሙሉ ነው የሚያድረው።

ጠጋኙ፦ አየሽ። ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ ጠዋት አንዱ ሥዕል ላይ ነጠብጣብ ብታገኚ፣ ወይም ሊያልቅ ሲል ድራይቨሩ ቢወድቅ፣ ያገኘሽው 5 ፍሬም አይክስሽም። አፍተርበርነር አምስት ፕሮፋይል ይይዛል። አንደኛው ላይ የጌሙን አስቀምጪ። ሁለተኛው ላይ ሜሞሪውን ወደ ዜሮ መልሰሽ፣ ቮልቴጁን ትንሽ ለቀቅ አድርገሽ የትምህርቱን አስቀምጪ። ዊንዶውስ ሲከፈት ራሱ እንዲጭን የሚለውን ደግሞ አትንኪው፤ ከርቩ ልክ ካልሆነ ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ይወድቅብሻል።

ተማሪዋ፦ መብራት ሲሄድስ? ብዙ ጊዜ መሀል ላይ ይሄድብኛል።

ጠጋኙ፦ ላፕቶፑ ወደ ባትሪ ሲዞር ካርዱ ዋቱን ወዲያው ይቀንሳል፣ ያ ራሱን መጠበቂያው ነው። አንቺ ግን በባትሪ ጌም አትቀጥዪ። ሊቲየም ባትሪ ሙቀት ያስረጀዋል፤ ከታች ደግሞ ከካርዱ አጠገብ ነው ያለው። መብራቱ ሲመለስ የሚመጣው ከፍና ዝቅ ደግሞ ለቻርጀሩ ጥሩ አይደለም። ዲቫይደሩን ነቅለሽ ትንሽ ጠብቀሽ ሰኪው። በቃ፣ ፔስቱን ቀብቼ ገጠምኩት። አንድ ነገር ጨምሪ፦ አልጋ ላይ አትጫወቺ፣ ከታች ሁለት ጣት ያህል ከፍ የሚያደርገው ነገር አድርጊበት። አየሩ የሚገባው ከሆዱ ነው።

ተማሪዋ፦ እሺ። ከርቩንስ አሁን እንሥራው? ወይስ ቤት ሄጄ ልሞክር?

ጠጋኙ፦ እዚሁ እንጀምረው፣ ቀሪውን ቤት ትጨርሺዋለሽ። መጀመሪያ የጨመርሽውን ሁሉ ወደ ዜሮ መልሺ። ከዚያ ከጌሙ አንድ ቦታ መርጠሽ ግማሽ ሰዓት ተጫወቺ፤ ፍሬሙን፣ ሙቀቱን፣ ክሎኩንና ዋቱን እንጽፋለን። መነሻችን እሱ ነው። የመጀመሪያው አምስት ደቂቃ ቁጥር አያታልልሽ፤ ያን ጊዜ ብረቱ ገና አልሞቀም። ቀጥሎ 850 ሚሊቮልቱን 1,700 ላይ እናደርገዋለን፣ ካለፈ በ15 በ15 ሜጋኸርዝ ወደ ላይ። በወደቀ ጊዜ ሁለት ደረጃ ወርደሽ እዚያ ትቆሚያለሽ። ሙቀት ካሳሰበሽ ደግሞ 825ን፣ 800ን ትሞክሪያለሽ።

ተማሪዋ፦ ክፍሉ ስንት ዲግሪ እንደሆነም ልጻፍ?

ጠጋኙ፦ በደንብ! እሱ ከሌለ የማታውን ከቀኑ ጋር ማወዳደር አትችዪም። ግድግዳው ላይ ቴርሞሜትር አለ፣ አንብቢልኝ።

ተማሪዋ፦ 22።

ጠጋኙ፦ ጻፊው። ጌሙንም ክፈቺ።